ሳንቲሙ ለምን ወረደ? የፊዚክስ ታሪክንና የተማሪን አስተሳሰብ አጣምሮ የሚያይ ትንሽ ጥናት አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጠሁ። ሳንቲም ወደ ላይ ተወርውሯል፤ እየወጣ ሳለ የሚያርፍበት ኃይል የትኛው ነው? አብዛኞቹ «ግራቪቲ ብቻ» (የመሬት ስበት ብቻ) ብለው በትክክል መለሱ። ደረቴን ነፋሁ። ከትምህርት በኋላ ከሁለቱ ጋር ከአራት ኪሎ ወደ ታክሲ ተራ ስንሄድ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ፣ እንደ ቀልድ ጣል አደረግሁት። አንዱ ምንም ሳያመነታ «እጄ የሰጠው ኃይል አለ አይደል እንዴ! እስኪያልቅበት ይወጣል፣ ሲያልቅበት ይወርዳል» አለኝ። ጓደኛውም ተስማማ። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ትክክል ከመለሱት ናቸው።

ይህ የሰነፍ መልስ እንዳይመስላችሁ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል የእስክንድርያ ሊቅ ወርዋሪው ለሚወረወረው ነገር ኃይል ያሳድርበታል ብሎ ከአርስቶትል ጋር ተሟግቷል። ጋሊልዮም ወጣት ሳለ፣ ፒሳ ሲያስተምር፣ በ1590 አካባቢ በጻፈውና ሳያሳትመው በቀረው ሥራው፣ ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ያደረበት ኃይል እየሳሳ ሲሄድ ይመለሳል ብሎ ነበር። ልጁ ታክሲ ተራ ላይ ያለኝ ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንን ጥናት ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የፊዚክስ መምህር ከሆናችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ወይም የሳይንስ ክበብ ካላችሁ ትችሉታላችሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና ሦስት ወር ገደማ ይበቃል።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«የፊዚክስ ታሪክ ለተማሪዎች ያለው ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ይዞ የተነሳ ሰው ሲጨርስ አላየሁም። አንድ ሐሳብ ብቻ ያዙ። እኔ የምመክረው እንቅስቃሴን ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ሙከራው ርካሽ ነው፣ ተማሪውም በየቀኑ የሚኖርበት ነገር ስለሆነ የራሱ አስተያየት አለው።

ጥያቄውም እንዲህ ይሁን፦ አንድ ተማሪ በሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ላይ አንድ ዓይነት ምክንያት ይሰጣል ወይስ ምክንያቱ ይለዋወጣል?

ይህ ትንሽ ጥያቄ ትልቅ ክርክር ውስጥ ይገባል። ማይክል ማክሎስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች ስለ እንቅስቃሴ ያላቸው የየዕለት አስተሳሰብ፣ በተወረወረ ነገር ውስጥ ኃይል ያድራል ከሚለው የመካከለኛው ዘመን ንድፈ ሐሳብ ጋር የሚመሳሰል ወጥ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። አንድሪያ ዲሴሳ የሚባል የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪ ደግሞ የለም፣ ተማሪው ያለው የተሰባበሩ የልምድ ቁርጥራጮች ናቸው፤ እንደ ሁኔታው አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል አለ። የእናንተ ሦስት ጥያቄዎች በዚህ መሀል ገብተው አንድ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

ታሪኩ ብቻ የሚስባችሁ ከሆነ ግን አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ሌላ ርዕስ አለላችሁ። የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው የተመሠረተው ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ እዚህ የሚለካው ነገር ተፈላጊ ነበር። የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያሳትሙ ዜና መዋዕሎቻችንን ሳይቀር አገላብጠዋል። በዚህ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ለዛሬ ግን ወደ ሳንቲማችን እንመለስ።

2. ታሪኩን ከምንጩ አንብቡ

መማሪያ መጻሕፍት ታሪክን በሁለት መስመር ይዘጉታል። ጋሊልዮ ከፒሳ ዘንባላ ማማ ላይ ሁለት ኳስ ጣለ፣ ኒውተን ላይ ፖም ወደቀበት፣ አለቀ። የማማውን ታሪክ የጻፈው የጋሊልዮ የመጨረሻ ዘመን ደቀ መዝሙር ቪቪያኒ ነው። ጋሊልዮ ራሱ በጽሑፎቹ ውስጥ ከፒሳ ማማ ጣልሁ ብሎ አልተናገረም። የኒውተንን ፖም በተመለከተ ደግሞ ስቱክሊ የሚባል ወዳጁ በ1726 አብረው ሻይ ሲጠጡ ከራሱ አፍ ሰማሁ ብሎ መዝግቧል። ፖሙ ወደቀ እንጂ ጭንቅላቱን መታው አላለም።

ስለዚህ አንድ ዋና ምንጭ ምረጡና ከዚያ አሥር ገጽ ብቻ በደንብ አንብቡ። የእኔ ምርጫ ጋሊልዮ በ1638 ላይደን ላይ ያሳተመው «ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች» የሚለው መጽሐፍ ነው። በ1914 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። «ሦስተኛው ቀን» ወደሚለው ክፍል ሂዱ። እዚያ 12 ክንድ ገደማ የሚረዝም እንጨት፣ ከጣት ትንሽ ሰፋ ያለ ቦይ የተፈለፈለበት፣ ጠንካራ የነሐስ ድብልብል የሚንከባለልበት ሙከራ ተገልጿል። ቦዩን ምን አለበሰው መሰላችሁ? ብራና። የለሰለሰና የተወለወለ ብራና። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ሁሌም ፈገግ ይላሉ። ጋሊልዮ ከብራና ጸሐፊ አያቶቻችን ጋር ባንድ ቁስ የሠራ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ለማንበቢያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአራት ኪሎ ሰው በእግር ነው። ጠዋት በጊዜ ካልሄዳችሁ ወንበር ላይ ቦርሳ ብቻ ነው የምታገኙት። የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም አለ፤ መታወቂያ ያዙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይኑራችሁ፦ አርስቶትል ምን አለ፣ ፊሎፖኖስ ምን አለ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ላይ ዣን ቡሪዳን ምን አለ፣ ጋሊልዮ ምን አለ፣ ኒውተን በ1687 ምን አለ። ግማሽ ገጽ ብያለሁ። ሃያ ገጽ ከሆነ ሌላ ጥናት ጀምራችኋል።

3. ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጻፉ፤ «ኃይል» የምትለዋን ቃል ሽሹ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ መምህር በየዕለቱ ቋንቋ የተጻፈ የእንቅስቃሴ ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጥ አንድ ተማሪ «እንዴት ነው የምመልሰው፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው ወይስ እኔ እንደማስበው?» ብሎ እንደጠየቀው ጽፏል። እኛ ጋ ይህ ልዩነት ቋንቋ ለብሶ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ስንጠይቅ የምናገኘው የተማረውን ነው። በአማርኛ ስንጠይቅ የሚያስበው ይወጣል።

ግን አማርኛውም ወጥመድ አለው። «ኃይል» በየዕለቱ አነጋገራችን ፎርስንም፣ ፓወርንም፣ ኤነርጂንም ይሸፍናል። መብራት ኃይል አለ፣ የጦር ኃይል አለ፣ የጸሎት ኃይል አለ። ተማሪው «ሳንቲሙ ኃይል አለው» ሲል ኤነርጂ ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ፎርስ ማለቱ ከሆነ ተሳስቷል። ከወረቀት ላይ መለየት አትችሉም። ስለዚህ በስሙ ፋንታ ግሡን ተጠቀሙ፦ መግፋትና መሳብ።

ሦስቱ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው።

ሳንቲሙ፦ የአንድ ብር ሳንቲም ወደ ላይ ወረወራችሁ። ከእጃችሁ ወጥቷል፣ ገና እየወጣ ነው። በዚህች ቅጽበት የሚገፋው ወይም የሚስበው ነገር አለ? ካለ ምንድን ነው፣ ወደየት ነው?

ታክሲው፦ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣችኋል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከፊታችሁ ያለውን ወንበር ገጫችሁ። ለምን?

ባቡሩ፦ ቀላል ባቡር ውስጥ ቆማችኋል። ባቡሩ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም በእኩል ፍጥነት እየሄደ ነው። ቁልፍ ከእጃችሁ አመለጠ። የት ይወድቃል፤ እግራችሁ ሥር፣ ወደ ኋላ ወይስ ወደ ፊት?

የታክሲውን ጥያቄ መጀመሪያ ስጽፈው «ማን ገፋችሁ?» ብዬ ነበር። ሁሉም የሚገፋ ነገር ፈለጉልኝ። ገፊ አለ ብዬ የነገርኋቸው እኔው ነኝ! ጥያቄያችሁ ውስጥ መልስ ተደብቆ እንደሆነ ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው አሳዩት። እኔ ለእህቴ ነው የማሳየው፤ ርኅራኄ የላትም።

እያንዳንዱ ጥያቄ የታሪክ ጓደኛ አለው። የባቡሩ ጥያቄ የድሮው የመርከብ ክርክር ነው። መሬት ብትዞር ኖሮ ከማማ የተጣለ ድንጋይ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፣ ልክ ከሚሄድ መርከብ ምሰሶ ላይ እንደተለቀቀ ድንጋይ፣ ይባል ነበር። በ1640 ፒየር ጋሳንዲ ማርሴይ ላይ በምትሄድ ጀልባ ምሰሶ ላይ ሆነው ድንጋይ እንዲለቁ አደረገ። ድንጋዩ ምሰሶው ሥር ወደቀ።

4. ፈቃድ

በዩኒቨርሲቲ በኩል ከሆነ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አውጡ፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ። ደብዳቤውን በሦስት ኮፒ ያዙ። አንድ ጊዜ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዶ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት መድቡ። ለወላጆች በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ምን እንደምትጠይቁ፣ ድምፅ እንደምትቀዱ፣ ጽሑፉ ሲያልቅ ቅጂውን እንደምታጠፉ፣ ስም እንደማትጽፉ፣ ልጁ ካልፈለገ መተው እንደሚችል፣ ውጤቱ ላይ ምንም እንደማይጨመርና እንደማይቀነስ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ለልጆቹ በቃል ይነገራቸው። አለበለዚያ ፈተና መስሏቸው ያጠናሉ።

5. ጠይቁና ዝም በሉ

ስምንት ተማሪ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ በአንድ። ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ፤ ሳንቲሙን ይሳሉት፣ ቀስቶቹን ያስቀምጡ። በአፍ «ግራቪቲ ብቻ» ብሎ በእርሳስ ወደ ላይ ቀስት የሚስል ብዙ ነው። እመኑኝ፣ እርሳሱን እመኑ።

መምህር ለሆነ ሰው ከባዱ ነገር ዝምታ ነው። ልጁ ሲሳሳት እጃችን ይበላናል። እኔ «እሺ» የምትል ቃል አለችኝ። መልሱ ልክ ሲሆን አጭር ናት፣ ሲሳሳት «እሺ…» ብላ ትረዝማለች። ቅጂውን ሳዳምጥ ነው የነቃሁት፤ ልጆቹ እሷን ሰምተው መልስ ይቀይሩ ነበር። አሁን ለሁሉም መልስ «እስቲ ጨምርልኝ» ብቻ ነው የምለው። ከዚያ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ።

ቦታውም ይታሰብበት። የመጀመሪያውን የሙከራ ቃለ መጠይቅ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ካፌ ቁጭ ብለን ነው የቀዳሁት። የተቀዳው የማኪያቶ ማሽን ነው። ባዶ ክፍል ፈልጉ፣ ስልኩን ዴስኩ ላይ በጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

6. ጋሊልዮን በሃይላንድ ውሃ

ከቃለ መጠይቁ በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰዱና ሙከራውን አብራችሁ ሥሩት። የሚያስፈልገው፦ ሁለት ሜትር ከአሥር የኤል ቅርጽ ያለው ቀጥ ያለ ብረት፣ አንድ የብረት ድብልብል፣ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ከፋርማሲ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ። ብረቱ መርካቶም ሰፈር ያለ ብረት ቤትም ይገኛል፤ ሲቆርጡላችሁ እንዳያጎብጡት ለምኑ። ድብልብሉን ጋራዥ ሄዳችሁ ያረጀ ኩሽኔታ ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። ከታጣ የብርጭቆ ብይም ይሠራል።

ብረቱን እንደ ቦይ አጋድሙት፣ አንዱን ጫፍ ብቻ በመጻሕፍት ስድስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ከመነሻው 50 ሴንቲ ሜትር እና 200 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ 50 ላይ የእንጨት ማቆሚያ አስቀምጡ።

ሰዓቱ ውሃ ነው። ጀሪካኑን ከታች በስታችሁ የእስክሪብቶ ቀፎውን አስገቡ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑ፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁ። (እኔ አልጠበቅሁም። የክፍሉን ወለል ያደረቅሁት እኔ ነኝ።) አንድ ልጅ ቀፎውን በጣቱ ይዘጋል። ድብልብሉ ሲለቀቅ ይከፍታል፣ እንጨቱን «ቋ» ሲያደርግ ይዘጋል። ሃይላንዱ ውስጥ ያለፈውን ጊዜ አጠራቀማችሁ ማለት ነው። በስሪንጅ ለኩት፤ ከሞላ አፍስሳችሁ ድገሙ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጀሪካኑን እስከ አንድ ምልክት ሙሉት፤ ውሃው ከጎደለ አፈሳሱ ይዘገያል፣ ሰዓታችሁም ይዋሻል።

አሁን ማቆሚያውን ወደ 200 ከመውሰዳችሁ በፊት አስገምቱ። መንገዱ አራት እጥፍ ሆነ፤ ውሃውስ ስንት እጥፍ ይሆናል? ሁሉም ግምቱን ይጻፍ፣ ምክንያቱንም። ክፍሉ ውስጥ የሚበዛው መልስ «አራት» ነው። ከዚያ ልቀቁት። ውሃው እጥፍ ብቻ ይሆናል። ሦስት አራት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ያዙ። በስልክ ብትለኩት በዚህ ዘንባላነት ሁለት ሰከንድ ተኩልና አምስት ሰከንድ አካባቢ ታገኛላችሁ። የውሃው ግን ሌላ ነው፤ መብራት ቢሄድም ይሠራል፣ ልጆቹም ጊዜን በእጃቸው ይይዙታል።

ስሌቱ ሲወጣ ይህን ተርኩላቸው። አሌክሳንደር ኮይሬ የሚባል ትልቅ የሳይንስ ታሪክ ሊቅ በዚህ ሙከራ ተሳልቆበት ነበር። በውሃ እየለኩ እንዲህ ያለ ጥራት የማይሆን ነው ብሎ። በ1961 ቶማስ ሰትል የጋሊልዮን ገለጻ ተከትሎ ሠራውና ጋሊልዮ ያለው ጥራት የሚገኝ መሆኑን አሳየ። እጅን ማርጠብም የታሪክ ምርምር ነው ማለት ነው።

ከመበተናችሁ በፊት አንድ ነገር ጨምሩ። ማቆሚያውን አንሱና ድብልብሉ ከብረቱ ወርዶ ለስላሳ ወለል ላይ ይሂድ። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ፣ ቀጥሎ ሴራሚክ ላይ። «አሁን የሚገፋው ምንድን ነው?» በሉና ዝም በሉ። ጭቅጭቁን ቅዱት። ከጥናቱ ሁሉ ምርጡ ቅጂ ይህ ሊሆን ይችላል።

7. መልሶቹን መደርደር

ቅጂውን ቃል በቃል ጻፉት። ሃያ ደቂቃው ግማሽ ቀን ይበላችኋል፤ ለሰው አትስጡት፣ ስትጽፉ ነው የምትሰሙት። ከዚያ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ አስምሩ።

አንደኛው ቀለም «ያልቃል» ነው። እጅ የሰጠው ነገር በራሱ እየሳሳ ይሄዳል የሚል፤ የወጣቱ ጋሊልዮ ሐሳብ። ሁለተኛው «ይሸነፋል» ነው። የተሰጠው ነገር በራሱ አያልቅም፣ ክብደትና አየር ይጥሉታል የሚል፤ ይህ ቡሪዳን ነው። ሦስተኛው «አያስፈልግም» ነው። ለመሄድ ገፊ አያስፈልግም፣ መሄዱ የሚለወጠው አንድ ነገር ሲገፋው ወይም ሲስበው ነው የሚል፤ ወደ ኒውተን የደረሰ።

በመጀመሪያው ጥናቴ ሁለቱን የፊተኞች አንድ ላይ «የተሳሳተ» ብዬ ጠቅልያቸው ነበር። ትልቅ ብክነት! «መሬት አሸነፈው» የሚለው ልጅ ለኒውተን አንድ እርምጃ ነው የቀረው፤ ገፊውን ትቶ አሸናፊውን ብቻ ቢይዝ ደርሷል። «ያልቅበታል» የሚለው ግን ሌላ መንገድ አለው። ታሪኩን አስቀድማችሁ ካላነበባችሁ ይህ ልዩነት ጆሯችሁ ላይ አይጮህም።

አሁን ሰንጠረዥ ሥሩ። ተማሪዎቹ በጎን፣ ሦስቱ ጥያቄዎች ከላይ። አንዲት ልጅ ለሳንቲሙ «ያልቃል» አለች። ለባቡሩ ግን «እግሬ ሥር ነዋ፤ ስንቴ ስልኬ ወድቆብኛል!» ብላ ሳቀች፤ ለምን ስላት «እሱም አብሮን እየሄደ ነበራ» አለች። ሁለተኛው መልሷ የመጀመሪያውን ይጥለዋል፤ እሷ ግን አላገናኘቻቸውም። የዲሴሳ ቁርጥራጮች እንዲህ ናቸው። ሌላው ልጅ ደግሞ ሦስቱንም በ«ያልቃል» ሄደባቸው፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «የያዝሁት ፍጥነት እስኪያልቅብኝ ነው» አለ። እሱ ለማክሎስኪ የሚመች ነው።

ሰንጠረዡን ሳታሳዩ ጽሑፉን ብቻ ለአንድ ባልደረባ ስጡና እሱም ያስምር። የማትስማሙባቸው ቦታዎች ላይ ቡና እየጠጣችሁ ተከራከሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ተማሪዎቼ አርስቶትሎች ናቸው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። አርስቶትል ሰማይን፣ መሬትን፣ የእያንዳንዱን ነገር ተፈጥሯዊ ቦታ ያያያዘ ሙሉ ሥርዓት ነበረው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያለው ታክሲና ኳስ ነው። መልሳቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ከየት እንደመጣ ግን ይለያያል።

8. ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ

ሙከራው በተሠራ ማግስት ሁሉም «አያስፈልግም» ይላል። ይህን ውጤት ብላችሁ እንዳትጽፉት። ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ተመሳሳይ ሦስት ጥያቄ ሳይጠብቁት ጠይቁ፣ በሰንጠረዡ ላይ ሌላ ዓምድ ጨምሩ። የተመለሱም ይኖራሉ። እነሱንም ጻፉ።

ሪፖርቱ ላይ የልጆቹን ቃል በአማርኛ እንዳለ አስገቡ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ከሥሩ ትርጉሙን አስከትሉ። «ተማሪ 3» ይበቃል፤ የትምህርት ቤቱንም ስም ተዉት። ስምንት ልጅ ስለ አዲስ አበባ ተማሪዎች በሙሉ አይናገርምና «ከእነዚህ ስምንት መካከል» በሉ። አንድ ኮፒ ለፊዚክስ መምህሩ በእጅ ስጡት፤ ቢሮ ቢገባ መሳቢያ ነው የሚያነበው።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ቅጂዎቹን ከስልካችሁ አጥፉ፤ ለወላጆች ቃል ገብታችኋል። እኔም ሁሉንም አጥፍቻለሁ፣ ከአንዱ በቀር። የማኪያቶ ማሽኑ ያለበት አሁንም አለ።